የ8 ኩቢት ተገላቢጦሽ ፉሪየር ማሽን ላይ ሲጫን ለምን ይንዛዛል? (የኳንተም ሰርኪት ማሳጠር)

ፌዝ_ቆጣሪ፦
ሰላም ለመድረኩ። የፌዝ ኢስቲሜሽን ሰርኪት አለ (የሲስተሙን የጊዜ እርምጃ «ዩ» ብለን፣ የእሱን ፌዝ በቢት የሚያወጣ)፤ ውጤቱን የሚይዙ 8 ቆጣሪ ኩቢትና ዩ የሚሠራባቸው 4 የሲስተም ኩቢት። ሲስተሙ ባለ 4 ቦታ የአይሲንግ ሰንሰለት ነው፦ በጎረቤታሞቹ መካከል ዜድዜድ፣ በእያንዳንዱ ላይ ኤክስ የሚባል የኢነርጂ ቃል አለ። የሚጫነው ሲዜድ መሠረታዊ ባለሁለት ኩቢት ጌት በሆነበት የአይቢኤም ሄቪ ሄክስ ማሽን (እያንዳንዱ ኩቢት ከጥቂት ጎረቤት ጋር ብቻ የሚገናኝበት) ላይ ነው።

መጨረሻ ላይ ያለው ተገላቢጦሽ ፉሪየር በወረቀት 28 ሲፒ ጌት (ቁጥጥር ያለበት ፌዝ) እና 4 ስዋፕ (የሁለት ኩቢት ቦታ መለዋወጫ) ነው። ሲፒ በ2 ሲኖት (ባለሁለት ኩቢት ጌት፣ አንዱ እንደ አንድ ሲዜድ የሚቆጠር)፣ ስዋፕ በ3 ሲኖት ሲመነዘር ድምሩ 68 ይሆናል። ትራንስፓይለር (ሰርኪቱን ለማሽኑ የሚተረጉም ሶፍትዌር) ውስጥ ካለፈ በኋላ ግን ቁጥሩ በጣም ያድጋል፤ ደግሞ በሮጠ ቁጥር ሌላ ቁጥር ይዞ ይመጣል። ጥያቄዬ፦ ይህን ፉሪየር እንዴት ላሳጥረው? ማየት ያለብኝስ ጥልቀቱን (የተከታታይ ንብርብሮቹን ብዛት) ነው ወይስ የጌቱን ብዛት? እንደ ፓይዜድኤክስ (ሰርኪት የሚያቀል ሶፍትዌር) ያለ መሣሪያ ይጠቅማል?

እትዬ_ሃዳማርድ፦
ትራንስፓይለሩን ለጊዜው ተወው። ከፉሪየሩ በኋላ ወዲያው ትለካለህ አይደል? ፌዝ ኢስቲሜሽን ከሆነ አዎ ነው። እንግዲያው 4ቱ ስዋፖች ከነጭራሹ አያስፈልጉም፤ የቢቶቹን ቅደም ተከተል ገልብጠህ ታነባለህ። 12 ሲኖት ወዲያው ቀነሰ።

የቀሩት 56ም ሊቀሩ ይችላሉ። ሲፒ ላይ ተቆጣጣሪና ዒላማ የሚባል ልዩነት የለም፣ ሁለቱ ወገኖች እኩል ናቸው። አንድ ኩቢት ሃዳማርዱን (0ንና 1ን እኩል የሚያቀላቅለውን ባለአንድ ኩቢት ጌት) ካለፈ በኋላ የሚነካው ሲፒ ብቻ ከሆነ፣ ልኬቱን ወደ ፊት አምጥተህ ሲፒውን «ቢቱ 1 ከወጣ ሌላኛውን አዙር» በሚለው ትተካዋለህ። ግሪፊትስና ኒዩ በ1996 ያሳዩት ይህንኑ ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ የዩን 128ኛ ኃይል የተቀበለው ኩቢት ዝቅተኛውን ቢት ስለሚይዝ መጀመሪያ እሱ ላይ ሃዳማርድ፣ ከዚያ ልኬት። ቀጣዩ (64ኛ ኃይል) ላይ፣ ያ ቢት 1 ከሆነ በፓይ/2 ወደ ኋላ ታዞራለህ፤ ሃዳማርድ፣ ልኬት። ሦስተኛው ላይ ለቅርቡ ቢት ፓይ/2፣ ለሩቁ ፓይ/4። ስምንተኛው ላይ ስትደርስ የመጀመሪያው ቢት ድርሻ ፓይ/128 ይሆናል። ባለሁለት ኩቢት ጌት አንድም የለም። ዙረቶቹ የዜድ ስለሆኑ ጊዜ አይወስዱም፤ መቆጣጠሪያው የቀጣዩን ምት ፌዝ በሶፍትዌር ያዛውራል እንጂ ኩቢቱን የሚነካው ነገር የለም።

ዋጋው የሚከፈለው በጊዜና በልኬት ስህተት ነው። የመጀመሪያው ቢት ተሳስቶ ከተነበበ ቀጣዩ ኩቢት በፓይ/2 የተሳሳተ ዙረት ይደርሰዋል፤ የእሱ ውጤት 50 ለ50 ይሆናል ማለት ነው። ሙሉው ፉሪየር ላይ ግን የንባብ ስህተት የሚያበላሸው ያንኑ አንድ ቢት ብቻ ነበር።

የሌሊት_ላብ፦
እትዬ ያሉት ላይ ቁጥር ልጨምር። አንድ ዙር መለካት፣ ውጤቱን ወደ መቆጣጠሪያው መመለስና ቀጣዩን ዙረት መወሰን 2 ማይክሮሰከንድ ይወስዳል ብንል፣ የመጨረሻው ኩቢት 7 ዙር፣ ማለትም 14 ማይክሮሰከንድ ሥራ ፈቶ ይጠብቃል። ቲ2 (ኩቢቱ ፌዙን ይዞ የሚቆይበት ጊዜ) 100 ማይክሮሰከንድ ከሆነ ቅንጅቱ ወደ 87 በመቶ ይወርዳል። ለዚህ መድኃኒት አለው፦ የዩ ኃይሎች እርስ በርስ ቦታ ስለሚለዋወጡ፣ ለእያንዳንዱ ቆጣሪ ኩቢት ቁጥጥር ያለበትን ዩ ከመለካቱ ጥቂት ቀደም ብለህ ብቻ አድርግለት። ያኔ ከመነሻው ማዘጋጀትም አያስፈልግም። ከዚያ አንድ እርምጃ ስትሄድ 8 ቆጣሪ መያዙ ይቀርና አንዱን ኩቢት እየለኩና ወደ ዜሮ እየመለሱ 8 ጊዜ መጠቀም ይመጣል።

ጥልቀት ወይስ ብዛት ላልከው፦ የሁለቱንም ዋጋ ወደ አንድ መለኪያ አምጣው። ሲዜድ 70 ናኖሰከንድ ቢወስድና ቲ2 100 ማይክሮሰከንድ ቢሆን፣ አንድ ኩቢት በአንድ ንብርብር ሥራ ፈቶ ሲቆም የሚከፍለው 0.0007 አካባቢ ነው። የሲዜዱ ስህተት 0.005 ከሆነ 7 ሥራ ፈት ኩቢቶች የአንድ ጌት ያህል ያስከፍላሉ። ሰርኪትህ ሰፊና ብዙ ኩቢት የሚያስጠብቅ ከሆነ ጥልቀት ይበልጣል፤ ጠባብ ከሆነ ብዛት። አጠቃላዩን ጥልቀት ግን ፈጽሞ አትይ፤ አርዜድ (የዜድ ዙረት) ዜሮ ጊዜ እየወሰደ እንደ ንብርብር ይቆጠራል። ባለሁለት ኩቢት ጌቶችን ብቻ አጣርተህ ነው ጥልቀት የምትለካው።

መስመር_ላይ፦
ከመለካት በፊት ሰርኪቱ ለሚቀጥልበት ሰው (ለምሳሌ በፉሪየር በሚደምረው የድሬፐር መደመሪያ ውስጥ ፉሪየሩ መሐል ላይ ነው) የእትዬ ዘዴ አይሠራም። ለእሱ የመስመር ፉሪየር አለ።

ኩቢቶቹን በአንድ መስመር ደርድር፤ ሄቪ ሄክስ ላይ ረጅም መስመር ማግኘት አይቸግርም። ሲፒ ባደረግህ ቁጥር አብረህ ሁለቱን ኩቢቶች ቦታ አለዋውጣቸው። በተናጠል 2 ሲደመር 3 ሲኖት ይመስላል፤ ግን ሲፒና ስዋፕ ተጣምረው አንድ ባለሁለት ኩቢት ዩኒታሪ (ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችል የኳንተም ሥራ) ናቸው፣ ማንኛውም ባለሁለት ኩቢት ዩኒታሪ ደግሞ ከ3 ሲኖት በላይ አይፈልግም። ስለዚህ 28 ጊዜ 3፣ 84 ሲኖት። በ13 ንብርብር ያልቃል (2 ጊዜ 8 ሲቀነስ 3)። ሲያልቅ የኩቢቶቹ ቅደም ተከተል ተገልብጦ ይገኛል፤ 4ቱ ስዋፖች ሊያደርጉት የነበረው ይኸንኑ ስለሆነ በነጻ ተገኘ።

ማነጻጸሪያው ቀላል ነው። ስዋፖቹን የጣለው ፉሪየር 56 ነው፤ ራውቲንጉ (የተራራቁ ኩቢቶችን ማቀራረቡ) የጨመረበት ስዋፕ 10 ከደረሰ 86 ይሆናል፣ የመስመሩ 84 ይሻላል። 8 ኩቢት ሁሉ ከሁሉ በሚነጋገርበት ሰርኪት ሄቪ ሄክስ ላይ (አንድ ኩቢት ቢበዛ 3 ጎረቤት ነው ያለው) ከ10 ስዋፕ በታች እወጣለሁ ብለህ አትጠብቅ።

አንድ ወጥመድ፦ ሲፒውንና ስዋፑን በባሪየር (ትራንስፓይለሩ እንዳያልፈው በሚገባ ድንበር) አትለያቸው። ባሪየር ካለ ትራንስፓይለሩ ሁለቱን በአንድ ጥቅል አድርጎ እንደገና ሊያዋቅራቸው አይችልም፣ 5 ሲኖት ሆነው ይቀራሉ።

ዜድ_ኤክስ፦
ትናንሾቹን ዙረቶች ጣላቸዋ! ከፓይ/16 በታች ያሉትን ብትቆርጥ 6 ሲፒ ይቀንሳል፣ 12 ሲኖት። ኮፐርስሚዝ በ1994 ያቀረበው ግምታዊ ፉሪየር እኮ ነው። ከዚያ ፓይዜድኤክስ ውስጥ አስገባው።

መስመር_ላይ፦
በመስመር ላይ መቁረጡ አንድም ሲኖት አይቀንስልህም። ሲፒው ቢጠፋ ስዋፑ መቆየት አለበት፣ ስዋፕ ብቻውን 3 ሲኖት ነው፤ ከሲፒ ጋር ሲሆንም 3። ግምታዊ ፉሪየር የሚጠቅመው ሁሉም ኩቢት ከሁሉም ጋር በቀጥታ በሚገናኝበት ማሽን፣ ለምሳሌ በአዮን ወጥመድ ላይ ነው። የኳንቲኑም ማሽኖች ደግሞ ዜድዜድን በፈለግኸው አንግል በአንድ ጌት ስለሚሠሩ እዚያ ሲፒ 2 ሳይሆን 1 ነው፤ ከ28 ወደ 22 ትወርዳለህ።

የአይቢኤም ሄሮንም አሁን ፍራክሽናል ጌት የሚሉት አርዜድዜድ (የዜድዜድ ዙረት በአንድ ጌት) አለው፣ አንግሉ ከ0 እስከ ፓይ/2 ብቻ። እዚህ ላይ የምልክት ጉዳይ አለ። የቀጥታው ፉሪየር ሲፒ ሲመነዘር የሚያስፈልገው አርዜድዜድ አንግሉ ኔጋቲቭ ነው፤ ስለዚህ በአንዱ ኩቢት ላይ ከፊትና ከኋላ ኤክስ ማስገባት ግድ ይላል። የተገላቢጦሹ ግን ፖዘቲቭ ሆኖ ይወጣል፣ ትልቁም ፓይ/4 ነው፤ እንዳለ ይገባል።

እትዬ_ሃዳማርድ፦
ዜድ ኤክስ፣ ፓይዜድኤክስን እወደዋለሁ፤ ግን ለምን እንደሚያገለግል እንለይ። የሚቀንሰው ከሁሉ በፊት የቲ ጌት (የፓይ/4 የዜድ ዙረት) ብዛትን ነው። ሰርኪቱን ወደ ግራፍ ቀይሮ ካቀለለ በኋላ ወደ ሰርኪት መልሶ ሲያወጣው ባለሁለት ኩቢት ጌቶች ከመነሻው ሊበዙ ይችላሉ፣ አቀማመጣቸውም ለማሽኑ መስመር ግድ የለውም። ለዛሬው ማሽን ከተጠቀምክበት «ቴሌፖርት ሪዲዩስ» የሚባለውን መንገድ ያዝ፤ እሱ ፌዞቹን ብቻ አዋሕዶ የሰርኪቱን አጽም እንዳለ ይተወዋል።

ስህተት ራሱን የሚያርም ማሽን ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ሲኖት ርካሽ፣ ቲ ውድ ነው። 28ቱ ሲፒዎች እያንዳንዳቸው 3 አርዜድ ይዘው ሲመነዘሩ 84 ዙረት ይሆናሉ። ሁሉም ዲያጎናል (ፌዝን ብቻ የሚቀይሩ) ስለሆኑ በአንድ ኩቢት ላይ ከሃዳማርዱ በፊት ያሉት አንድ፣ ከሃዳማርዱ በኋላ ያሉትም አንድ ሆነው ይዋሐዳሉ። የመጀመሪያው ኩቢት በፊት የለውም፣ የመጨረሻው በኋላ የለውም፤ ስለዚህ 14። ከ28ቱ የጥንድ ዙረቶች ጋር 42፣ በትክክል ግማሽ። ከ42ቱ 9ኙ እንዲያውም ተራ ቲ ጌት ናቸው። የቀሩት 33 በሮስና ሴሊንገር ዘዴ ሲጠጋጉ እያንዳንዱ ወደ 3 ጊዜ ሎጋሪዝም በ2 የ1/ኤፕሲሎን ቲ ይፈልጋል፤ ኤፕሲሎን (የሚፈቀደው የማጠጋጋት ስህተት) አንድ ሚሊዮንኛ ከሆነ 60 አካባቢ። 33 ጊዜ 60፣ 2,000 ገደማ። ሳይዋሐዱ ቢሆን 63 ጊዜ 60፣ 3,800 ገደማ ነበር። ያልከው ቆረጣም ቦታው እዚህ ነው፤ አንዱ የተጣለ ሲፒ አንድ ሙሉ የጥንድ ዙረት ይዞ ይሄዳል።

የሌሊት_ላብ፦
ስለ ትራንስፓይለሩ አጭር መልስ፣ በሮጠ ቁጥር ቁጥሩ ለምን ይለያያል ላልከው። ሳብረ የሚባለው የአቀማመጥና የራውቲንግ ስልት በዘፈቀደ ከተመረጠ መነሻ ስለሚጀምር ነው። ሲድ (ያንን የዘፈቀደ መነሻ የሚወስነውን ቁጥር) ካላሰርክ ሁልጊዜ ሌላ መልስ ነው። የማሳጠሪያ ደረጃውን 3 አድርገህ ከ50 እስከ 100 ሲድ ሞክር፣ ባለሁለት ኩቢት ጌት የሚያንሱባቸውን ጥቂቶቹን ያዝ፣ ከእነዚያ መካከል ደግሞ በማሽኑ የዕለቱ ካሊብሬሽን የእያንዳንዱን ጌት (1 ሲቀነስ ስህተቱ) አባዝተህ ትልቁን ውሰድ። በብዛት ያነሰው ሁልጊዜ አሸናፊ አይደለም፤ አንድ የተበላሸ ግንኙነት ላይ ካረፈ ከ10 ደህና ጌት ይብሳል። ደረጃ ሳትጠቅስ የምትሮጥ ከሆነ ደግሞ ኪስኪት (የአይቢኤም የኳንተም ሶፍትዌር) 1.3 ላይ ነባሪው ከ1 ወደ 2 መቀየሩን አስብ፤ የድሮ ቁጥሮችን ከአዲሶቹ ጋር አታነጻጽር።

ለግምት እንዲሆን፣ ስህተቱ በጌት 0.5 በመቶ ከሆነ 68 ጌት ሳይበላሽ የማለፍ እድሉ 71 በመቶ ነው፣ 84 ሲሆን 66፣ 150 ሲሆን 47።

ቶፎሊ_77፦
ሁላችሁም ጅራቱን ይዛችሁ ነው የምትከራከሩት። ፉሪየሩ 68 ሆነ 84 ሆነ ዜሮ፣ ከፊቱ ያለውን ቁጥጥር ያለበትን ዩ አይታችሁታል? 1፣ 2፣ 4 እያለ እስከ 128 ሲደመር 255 ጊዜ ነው። ሰርኪቱ ማለት እሱ ነው።

የአይሲንጉን አንድ የትሮተር እርምጃ (የሲስተሙን የጊዜ ጉዞ ወደ ትናንሽ ጌቶች ከፋፍሎ የሚጠጋጋ) እንቁጠር። ቁጥጥር ከሌለው 3 ዜድዜድ፣ እያንዳንዱ 2 ሲኖት፣ ድምር 6። ኤክሶቹ ባለአንድ ኩቢት ናቸው። አሁን «ዩን ኮንትሮልድ አድርግልኝ» ብለህ ለላይብረሪው ከሰጠኸው ያገኘውን ጌት ሁሉ ይቆጣጠራል፦ 6ቱ ሲኖቶች ቶፎሊ (ሁለት ተቆጣጣሪ ያለው ሲኖት) ይሆናሉ፣ 36፤ 3ቱ የዜድ ዙረቶችና 4ቱ የኤክስ ዙረቶች በየ2 ሲኖት፣ 14። ድምር 50 በእርምጃ፣ በ255 ሲባዛ 12,750። ያውም ቶፎሊ 6 ሲኖት የሚሆነው ሦስቱ ኩቢቶች እርስ በርስ ሲገናኙ ነው፤ ሄቪ ሄክስ ላይ ሦስት ማዕዘን ስለሌለ 8 ይሆናል።

መጀመሪያ የሚደረገው፦ ዜድዜድ የተሠራው ሲኖት፣ ዙረት፣ ሲኖት ሆኖ ነው። ዙረቱ ካልተደረገ ሁለቱ ሲኖቶች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ስለዚህ መሐሉን ብቻ ተቆጣጠር፣ ዳርና ዳሩን እንዳሉ ተው። 6 ሲደመር 14፣ 20 በእርምጃ፤ 5,100 በጠቅላላ።

ቀጥሎ ትልቁ። ዩን ጨርሶ አትቆጣጠረው። ዋይ፣ ዜድ፣ ዋይ፣ ዜድ የሚለውን ፓውሊ (በየኩቢቱ ኤክስ፣ ዋይ ወይም ዜድ የሚያደርግ ሥራ) በ4ቱ ኩቢቶች ላይ ተመልከት። ከእያንዳንዱ ዜድዜድም፣ ከእያንዳንዱ ኤክስም ጋር በኔጋቲቭ ነው የሚለዋወጠው (ቅደም ተከተላቸው ሲገለበጥ ምልክቱ ይቀየራል)፤ ጻፈውና አረጋግጥ። ዩን በዚህ ፓውሊ ከፊትና ከኋላ ብታጅበው ጊዜው ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ አጃቢውን ፓውሊ ብቻ ተቆጣጠር፦ ተቆጣጣሪው 0 ከሆነ ሲስተሙ ወደ ፊት፣ 1 ከሆነ ወደ ኋላ ይራመዳል። የሁለቱ የፌዝ ልዩነት እጥፍ ስለሆነ የእርምጃውን ጊዜ ግማሽ ታደርገዋለህ። አጃቢው ደግሞ ለ128 እርምጃም ቢሆን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። በአንድ ቢት 4 ሲደመር 4፣ ለ8 ቢት 64፤ እርምጃዎቹ 6 ጊዜ 255፣ 1,530። ድምር 1,594። ከ12,750 ተነስተን።

ፌዝ_ቆጣሪ፦
ይህስ ሌላ ነገር ነው። ሁለት ነገር ግን አልገባኝም። ተቆጣጣሪው 4ቱንም የሲስተም ኩቢቶች መንካት ካለበት እንደገና ስዋፕ አይመጣም? ደግሞ የኔ ትሮተር አንደኛ ደረጃ ነው፤ ችግር አለው?

ቶፎሊ_77፦
ስዋፕ አይመጣም። 4ቱን ፓውሊ በባለአንድ ኩቢት ጌቶች ወደ ዜድ ትቀይርና በ3 የጎረቤት ሲኖት ወደ ዳርኛው ኩቢት ትሰበስበዋለህ፣ ተቆጣጣሪው ያንን ዳርኛ ብቻ ይነካል፣ ከዚያ በ3 ሲኖት ትመልሳለህ። 3 ሲደመር 1 ሲደመር 3፣ 7። በቢት ሁለት ጊዜ፣ 14። ከላይ ከተባለው አንዱን ቆጣሪ ደጋግሞ ከመጠቀም ጋር ስታጋባው 5 ኩቢት በአንድ መስመር፣ ተቆጣጣሪው ጫፍ ላይ፣ ስዋፕ የሚባል ነገር የለም። 8 ጊዜ 14 ሲደመር 1,530፣ 1,642 ጌት፣ ሁሉም ጎረቤት ለጎረቤት።

አንደኛ ደረጃ ትሮተር ግን ችግር አለው፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበትም እዚህ ነው። ፓውሊው የእያንዳንዱን ቃል ምልክት ይገለብጣል እንጂ የቃላቱን ቅደም ተከተል አይገለብጥም። አንደኛ ደረጃው እርምጃ በኔጋቲቭ ጊዜ የራሱ ተገላቢጦሽ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉም መገልበጥ ነበረበት። ስለዚህ ወደ ፊት የሚሄደውና ወደ ኋላ የሚሄደው የተለያየ አይገን ስቴት (እርምጃው ፌዝ ብቻ የሚጨምርበት ሁኔታ) ይኖራቸዋል፣ ፌዙም ይደበዝዛል። ሲሜትሪክ የሆነውን ሁለተኛ ደረጃ ተጠቀም፦ ግማሽ ኤክስ፣ ሙሉ ዜድዜድ፣ ግማሽ ኤክስ። የተከታታይ እርምጃዎች ግማሽ ኤክሶች ስለሚዋሐዱ የሲኖቱ ብዛት 6 ሆኖ ይቆያል። ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም።

ሌላው፦ ሃሚልቶኒያንህ (የሲስተሙ የኢነርጂ ቀመር) ውስጥ ቋሚ ቁጥር (አይደንቲቲ) ካለ ፓውሊው አይገለብጠውም፤ በሁለቱም ቅርንጫፍ እኩል ይመጣና ይጠፋል። ከውጤቱ በኋላ በወረቀት ትደምረዋለህ። ተራውን ኮንትሮልድ ዩ በምትሠራ ጊዜ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ማሳጠሪያው «ግሎባል ፌዝ ነው» (በሁሉም ላይ እኩል ያለ፣ በልኬት የማይታይ) ብሎ የጣለውን ነገር መቆጣጠር ስትጀምር እውነተኛ ፌዝ ሆኖ ይመጣል። አርዜድና ፒ (ፌዝ) ጌት ያለ ቁጥጥር አንድ ናቸው፣ በቁጥጥር ግን የተለያዩ ናቸው። መጀመሪያ ተቆጣጠር፣ ከዚያ አሳጥር፤ አትገልብጠው።

የሌሊት_ላብ፦
ቶፎሊ፣ ድንቅ ነው፤ ግን 1,642 ጌት በ0.5 በመቶ ስህተት 0.03 በመቶ ነው የሚቀረው። 8 ቢት በዚህ መንገድ አይሆንም። 4 ቢት ብትል 15 ጊዜ 6 ሲደመር 4 ጊዜ 14፣ 146፤ 48 በመቶ። 5 ቢት 256፣ 28 በመቶ። አርዜድዜድን በቀጥታ ከተጠቀምክ እርምጃው 6 ሳይሆን 3 ነው፤ ያኔ 4 ቢት 101 ጌት፣ 60 በመቶ፤ 5 ቢት 163፣ 44 በመቶ። ፍራክሽናል ጌትና መሐል ላይ ለክቶ የሚወስን ሰርኪት አብረው መሥራታቸውን ግን ከመጀመርህ በፊት ከባክኤንዱ (ከማሽኑ) ዝርዝር እይ፤ በሶፍትዌሩ ስሪት ይወሰናል።

እትዬ_ሃዳማርድ፦
ለምን በአንድ ሰርኪት ውስጥ ይታጨቃል? የሲስተሙን አይገን ስቴት በየጊዜው እንደገና ማዘጋጀት የሚችል ሰው ለእያንዳንዱ ቢት የራሱ ሰርኪት ይሥራ። የከፍተኛውን ኃይል ሰርኪት መጀመሪያ በብዙ ሾት (ድግግሞሽ) ሩጥ፣ አብላጫውን ውሰድ፤ ቀጣዩ ሰርኪት ውስጥ ዙረቱ የታወቀ ቁጥር ሆኖ ይገባል። መሐል ላይ መለካት የለም፣ የንባብ ስህተትም በአብላጫው ይዋጣል፤ የፍራክሽናሉም ጥያቄ ይቀራል።

ቁጥሩን ተመልከት፦ 6 ቢት ሲሆን ትልቁ ኃይል 32 ነው፣ 32 ጊዜ 3 ሲደመር 14፣ 110 ጌት፤ 58 በመቶ። 7 ቢት ሲሆን 206 ጌት፣ 36 በመቶ። የተበላሸው ድርሻ በአመዛኙ ወደ 50 ለ50 ስለሚገፋ፣ 36 በመቶ ምልክት እንኳ በጥቂት ሺህ ሾት በደንብ ይለያል። 8ኛው ቢት 398 ጌት ነው፣ 14 በመቶ ገደማ፤ እዚያ ላይ ለተዛባ ስህተት ተጋላጭ ስለምትሆን አልመክርህም። ቅድመ ሁኔታውን ግን አትርሳ፦ የምታዘጋጀው ስቴት ከአንዱ አይገን ስቴት ጋር በደንብ መደራረብ አለበት። ድብልቅ ከሆነ እያንዳንዱ ሾት ሌላ ሌላ ኢነርጂ ይመርጣል፣ የአብላጫ ድምፅም ትርጉም ያጣል። የኤክሱ ኃይል ከዜድዜዱ በጣም የሚበልጥ ከሆነ 4ቱንም በኤክስ አቅጣጫ ማቆም ለመነሻ ይበቃል፤ ሁለቱ ሲቀራረቡ ግን ጥልቀት የሌለው ማዘጋጃ ሰርኪት ያስፈልግሃል።

ዜድ_ኤክስ፦
ካሳጠሩ በኋላ አንድ መሆናቸውን በምን ታረጋግጣላችሁ? ኪስኪት ላይ ማትሪክሶቹን ሳነጻጽር አይገጥሙም ይላል።

ቶፎሊ_77፦
5 ኩቢት ስለሆነ ማትሪክሱ 32 በ32 ነው፣ በቀጥታ ይነጻጸራል። የማይገጥምልህ በአብዛኛው ከሦስቱ በአንዱ ነው። አንዱ ግሎባል ፌዝ፦ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አታነጻጽር፤ የአንዱን ተገላቢጦሽ በሌላው አባዛና የትሬሱን (የዲያጎናሉን ድምር) መጠን ለ32 አካፍል፣ 1 ከሆነ አንድ ናቸው። ሁለተኛው ትራንስፓይለሩ ኩቢቶቹን ቦታ ማዛወሩ፦ የኦፐሬተር ክፍሉን በቀጥታ ከመጥራት ይልቅ «ፍሮም ሰርኪት» በሚለው መንገድ ብትሠራው የመነሻና የመድረሻ አቀማመጡን ከግምት ያስገባልሃል። ለዚህ ደግሞ የምታነጻጽረውን ለ5 ኩቢት ብቻ ትራንስፓይል አድርግ፣ አለበለዚያ የማሽኑን ኩቢት ሁሉ የያዘ ማትሪክስ ይጠይቅሃል። ሦስተኛው የኪስኪት ቅደም ተከተል ነው፤ ኩቢት 0 በስተቀኝ ያለው ነው፣ ከመማሪያ መጽሐፍ ማትሪክስ ጋር ስታስተያይ ይገለበጣል።

ይህ ሰርኪት ላይ የሚጠበቀውም ግልጽ ነው፦ ተቆጣጣሪው 0 በሆነበት 16 በ16 ክፍል ውስጥ የፖዘቲቭ ጊዜው እርምጃ፣ 1 በሆነበት የኔጋቲቩ፣ በሁለቱ መካከል ያሉት ክፍሎች ዜሮ። በአንድ እርምጃ ከተረጋገጠ ለ32ም ይሠራል።

ፌዝ_ቆጣሪ፦
እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲህ 6 ቢት፣ በተለያየ ሰርኪት፣ 5 ኩቢት በመስመር። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከማሽኑ ላይ የትኛውን መስመር ልምረጥ?

የሌሊት_ላብ፦
ስዋፕ ስለሌለ ሳብረ አያስፈልግህም። በማሽኑ ላይ ያሉትን ባለ 5 መስመሮች ሁሉ ዘርዝር፣ በሁለቱም አቅጣጫ። የእያንዳንዱን ግንኙነት ስህተት በሚሠራበት ብዛት አባዝተህ ደምር፦ በ32ኛው ኃይል ሰርኪት የሲስተሙ 3 ግንኙነቶች እያንዳንዳቸው 32 አርዜድዜድና 4 የመሰብሰቢያ ሲኖት ይሸከማሉ፣ የተቆጣጣሪው ግንኙነት ግን 2 ብቻ። ስለዚህ በጣም ደካማው ግንኙነት በተቆጣጣሪው በኩል ቢውል ግድ የለም። ተቆጣጣሪው ራሱ ግን ሁሉም እርምጃዎች እስኪያልቁ ሥራ ፈቶ የሚጠብቅ ነውና ቲ2ው ረጅም የሆነውን ስጠው፣ መሐል ላይም ዳይናሚካል ዲካፕሊንግ (ሥራ ፈት ኩቢትን ከጩኸት የሚጠብቅ) ምት አስገባለት። የንባብ ስህተቱም ዝቅተኛ ይሁን፤ ከ5ቱ የሚለካው እሱ ብቻ ነው።